ሄመን የዘመድ ሊንክ ስትቆርጥ

ቡራዩ ውስጥ ሄመንን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። ከአምቦ መንገድ ዳር፣ ከብረት በር ሠሪዎቹ ጎን ባለች ጠባብ ሱቋ ላፕቶፕ ትጠግናለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ድረ ገጽም ትሠራለች። ልጅቷ ግትር ናት። አንዴ «ይሆናል» ካለች ሰማይና ምድር ቢገናኝ አትመለስም። ይኸው ግትርነቷ ነው መጀመሪያ ጉድ የሠራት፣ ኋላም ያወጣት።

ነገሩ የጀመረው በአዴ ወርቅቱ ቤት ነው። አዴ ወርቅቱ የሚባሉት እናት ሱሉልታ ላይ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ለሯጮች የሚያከራዩት ማረፊያ አላቸው። ማሳቸው በየጊዜው እየተቆረሰ ሄዶ የቀራቸው ግቢው ብቻ ነበር። እሱንም እንዳይለቁ ብለው ክፍሎች ሠሩበትና ለልምምድ ከውጭ አገር የሚመጡ ሯጮችን ማሳደር ጀመሩ። ድረ ገጹን የሠራችላቸው ሄመን ናት። ብዙም ሳይቆይ ፈረንጁ በያለበት ሆኖ ሱሉልታ ውስጥ የሯጭ ማረፊያ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት የእሳቸው ቤት ሆነ። አልጋው ሞላ፣ የሴትዮዋም ፊት በራ።

እዚህ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! አልተወችውም። የሰበታው ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ጋሽ አብዱሰመድ «ለእኔስ?» አሉ፤ ለእሳቸውም ሠራች። ቀጥሎ የፉሪው ዶሮ አርቢ፣ የቡራዩው ሶፋ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጋራዡ... ኧረ ምኑ ቅጡ! ሄመን ደግሞ የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ደቦ ሲጠራ እያየች ያደገች። ዛሬ ያንተን ካጨድን፣ ነገ የእኔን። እና ምን ብታስብ ጥሩ ነው? የሊንክ ደቦ! እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከሥሩ የሌሎቹን ሁሉ ስም ደረደረ፤ የዶሮው ወደ ቆርቆሮው፣ የቆርቆሮው ወደ ሯጮቹ ማረፊያ ይመራል። ሁሉንም ደግሞ ሱቋ ጓዳ ባስቀመጠችው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አኖረቻቸው። ለውጭ አገር ሰርቨር ኪራይ የሚከፈልበት ካርድ የላትም። ቢኖራትም «የራሳችን ቤት እያለ ምን ኪራይ አስገባን!» ባይ ናት። ደንበኞቿም በዚህ ኮሩ።

ከዚያ 2008 መጣ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞ ተቀጣጠለ። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይነዳል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ከቤቱ ወጥቶ የቀረም ብዙ ነው። መብራቱም ኔትወርኩም ባሻው ጊዜ ይጠፋል። ቡራዩ ላይ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሄመን ድረ ገጾች ሁሉ አንድ ላይ ድርግም ይላሉ። ኔትወርኩ ሲመለስ ግን የአዴ ወርቅቱ ቤት ጉግል ላይ አልተመለሰም። አንደኛው ገጽ ላይ የለም፣ ሁለተኛው ላይ የለም። ሄመን ወደ ታች ወርዳ ፈለገች፣ አሁንም ወርዳ ፈለገች፤ የለም።

አዴ ወርቅቱ ደወሉ።

«አካም ጅርታ ሄመን? ልጄ፣ አንድ እንግዳ እንኳ የጠየቀኝ የለም። ሁከቱ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ጎረቤቴ ያለው ማረፊያ ግን ሰው አለው። አንድ ደላላ ደግሞ ግቢውን ለመጋዘን ካልሸጡ ብሎ ደጄ ላይ ተተክሏል። እስከ ፋሲካ ሰው ካልመጣልኝ እሸጠዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ሄመን ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ማንበብ ጀመረች። ያገኘችውን ሁሉ አነበበች፤ ጥፋቱም የራሷ እንደሆነ ገባት። ጉግል ቤቱን ሊያይ ብቅ ባለ ቁጥር በሩ ተዘግቶ ነው ያገኘው። ሲከፈትለት ደግሞ ያየው በአንድ ጓዳ ተጠጋግተው እርስ በርሳቸው የሚሞጋገሱ ገጾችን ነው። እንኳን የሚያስቀድማቸው፣ የሚያምናቸውስ ማን ነው?

እንግዲህ ሰርቨሩ ከጓዳ ይውጣ፣ ሊንኩም ይቆረጥ። ሊንኩን ወዲያው ቆረጠችው። ጣጣው የመጣው በዚህ ነው! ከደቦ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ሶፋ ሠሪው ሰላምታ ነሳት። ጋሽ አብዱሰመድማ ከሰበታ ድረስ ተሳፍረው መጡ።

«ስሜን ከገጹ ፋቅሽው አሉ! ምን በደልኩሽ?»

«ምንም አልበደሉኝም ጋሼ።»

«ታዲያ ወርቅቱ ገጽ ላይ ስሜ ቢኖር ምን ይጎዳታል? ወገን አይደለንም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሽምግልና ተቀምጠው ያውቁ የለ? አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ተሰልፈው አንድ ዓይነት ምስክርነት ቢሰጡ ያምኗቸዋል?»

«ተመካክረው ነው የመጡት እላለሁ እንጂ!»

«እኛንም እንደዚያው ነው ያለን። ደግሞስ፣ ቆርቆሮ ሻጭ በሯጭ መኝታ ምን አገባው?»

ጋሽ አብዱሰመድ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ አሁን ምን ጎደለሽ?» አሉ። «ካርድ» አለች። ዱባይ ላለው ወንድማቸው እዚያው ቆመው ደወሉለት፤ የሰርቨሩ ኪራይም በእሱ ካርድ ተከፈለ። ድረ ገጾቹ ከሄመን ጓዳ ወጥተው መብራት የማይጠፋበት አገር ገቡ።

ምስክር ደግሞ ከሩቅ መምጣት ነበረበት። ሄመን ከዚህ በፊት አዴ ወርቅቱ ቤት አድረው ለሄዱ ሯጮች ጻፈች፤ ቤቱን ከወደዳችሁት በየራሳችሁ ገጽ እውነቱን ጻፉ፣ ካልወደዳችሁት ተዉት አለቻቸው። አንዷ አሰልጣኝ ስለ ሜዳው የማለዳ ብርድ፣ ስለ አዴ ወርቅቱ በሶ፣ የሻወሩ ውሃ መሀል ላይ ቀጥ ስለማለቱም ሳይቀር ጻፈች። ሄመን ሻወሩ ላይ ስትደርስ ክው አለች። አዴ ወርቅቱ ግን «ውሸት ነው እንዴ!» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንድ የሯጮች ክለብም ማረፊያውን በራሱ ገጽ ላይ አሰፈረው።

ፋሲካ ሲቃረብ ኔትወርክ እንደገና ጠፋ። ወይ ጣጣ! ሄመን ገጹ ከምን እንደደረሰ ሳታውቅ ሰነበተች። ደላላው ገዢ ይዞ መጣ መባሉንም ሰማች።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ፈለገች። አንደኛ! የአዴ ወርቅቱ ቤት ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሏል። ቡራዩም ሱሉልታም ተዘግተው በከረሙበት ጊዜ ድረ ገጹ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነበር፤ አልጋ ያዙልን የሚሉት መልእክቶች በላይ በላዩ ተከምረዋል። ሄመን እሪ ስትል ብረት በር ሠሪዎቹ ብየዳቸውን ጥለው ሮጠው መጡ። ያገኙት ግን ወንበር ላይ ወጥታ የምትጨፍር ሴት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሱሉልታ ወረደች። በረንዳው ሙሉ ጭቃ የነካው የሩጫ ጫማ ሊደርቅ ተሰጥቷል። ደላላውስ ብላ ስትጠይቅ «ባዶ ቦታ የለኝም አልኩት፣ ሄደ» አሉ አዴ ወርቅቱ በኩራት። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ ተባለ።

«እንግዲያው እዚሁ ላድር ነው» አለች ሄመን።

«የት ልትተኚ?» አዴ ወርቅቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጮኹ። «እኔ ራሴ የማድረው የማገዶ እንጨት ቤት ነው! የራሴንም አልጋ ይዘውብኛል! አልጋ የለኝም ልጄ፣ አልጋ የለኝም!»

እየሳቁ እንባቸው መጣ፤ ጎትተው አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። ያን ዕለት ሁለቱም እንጨት ቤት ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ አደሩ።