ሮቦት በቅርጫ

ቤተሰቤ ውስጥ ይህ ታሪክ የሚወራው ለሳቅ ነው። ሠርግ ላይ፣ ወይም ከልቅሶ በኋላ ሰው ትንሽ ዘና ሲል፣ አንዱ ይጀምረዋል፦ «የእሷን ሮቦት በቅርጫ ያረድን ጊዜ!» ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እንድስቅ ወደ እኔ ይዞራሉ። አልስቅም። ዛሬም ሲያነሡት ደሜ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ እንደማውቀው ላውራው።

እንጅባራ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ ቆይቻለሁ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። የጃፓን ሮቦቶችን እሰበስባለሁ። ትልልቆቹን አይደለም፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጡትን፣ መኪና የነበረው ሲገለባበጥ ሰው የሚሆነውን፣ ሰው የሆኑት ደግሞ እርስ በርስ ተሰካክተው አንድ ትልቅ ሰው የሚሠሩትን ነው።

የጀመርኩት በሰልባጅ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሻጭዋ ቦንዳ ስትፈታ የልጅ ቦርሳ ወጣ። ምሳ ዕቃዬን ልይዝበት ብዬ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ኪሱን ስከፍት ሦስት መኪናዎች አገኘሁ፦ ቢጫ ዶዘር፣ አረንጓዴ ገልባጭ እና ክሬን። ዶዘሩን ሳገላብጠው ክንድ ከጎኑ ተዘረጋ፣ ከኋላው ትንሽ ፊት ብቅ አለ። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ስመለከት የምውል ሴት ነኝ፤ በትንሽ ነገር ውስጥ ብዙ ነገር መኖሩ አያስደንቀኝም። ይህ ግን አስደነቀኝ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ አገሬን በካርታ እንኳ አግኝቶ የማያውቅ ሰው፣ ይህችን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማጠፊያ ተጨንቆ ሠርቷታል።

ኔትወርክ በመጣ ቀን ፎቶ አንሥቼ ፈለግኩ። ሦስቱ ከአምስት የቀሩ ነበሩ፤ አምስቱ ሲሰካኩ አንድ ትልቅ ሮቦት ይሆናሉ። ዶዘሩና ገልባጩ እግር ናቸው፤ ክሬኑ አንድ እጅ ነው። ሁለተኛው እጅ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው፤ እሱን ባሕር ዳር ሰልባጅ ተራ አገኘሁት። የቀረኝ ባቡሩ ብቻ ነበር። ባቡሩ ደረት ነው፤ ያለ እሱ እጅም እግርም የሚሰካበት የለም፣ ጭንቅላቱም ታጥፎ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ዓመታት ፈለግኩት። በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ አንድ የአዲስ አበባ ሻጭ አገኘሁ። መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ሲከፈት በአንድ ሾፌር እጅ፣ በብስኩት ካርቶን ተጠቅልሎ መጣልኝ።

አምስቱን የገጣጠምኩት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። የባቡሩን ሆድ ስከፍት ጭንቅላቱ ወጣ። ቆመ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። በሕይወቴ ከጀመርኳቸው ነገሮች ውስጥ ማንም ሳይገባበት፣ ማንም ሳያቋርጠኝ፣ ሙሉ ሆኖ ያየሁት ያ ነው።

«ለማን ነው?» ይሉኛል። ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። የእኔ ነው ስላቸው ፈገግ ይሉና «ግድ የለም፣ ስትወልጂ ይጫወትበታል» ይሉኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የውጭ አገር ኳስ ቡድን ማሊያ ይሰበስባል፤ ግድግዳውን ሞልቶታል። እሱን ለማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ለፋሲካ ዳንግላ እናቴ ቤት ስሄድ ሮቦቱን ይዤው ሄድኩ። እንጅባራ ልተወው አልፈለግኩም፤ የአከራዬ ልጆች በሩ ቢቆለፍ በመስኮት ይገባሉ። እናቴ ቤት ይሻላል ብዬ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ አቆምኩት። የበለጠ የሚጠበቅበት ቦታ መስሎኝ ነበር! እስካሁን በራሴ ላይ የምናደደው በዚህ ነው።

የእኛ ቤት ቅርጫ የሚካፈለው በእናቴ ታላቅ ወንድም እጅ ነው። በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነው። ሚዛን አይዝም። ሥጋውን በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርጎ ሲደረድር፣ ከዚህ ትንሽ ቁራጭ አንሥቶ ወደዚያ ሲጨምር፣ አንድም ሰው በዝቷል አንሷል ብሎት አያውቅም። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት አንድ ምልክት ይሰጠዋል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ስንደዶ። ሁሉም ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና አንዳንዱን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕጣህ የወደቀበት መደብ ያንተ ነው። ማጉረምረም የለም።

እኔ ለበሬው መዋጮ ከማንም እኩል አዋጣለሁ። ዕጣዬ ግን በእናቴ ቆርኪ ውስጥ ነው። ባል የሌላት ሴት ቤት አይደለችም።

የዚያን ቀን ቅርጫው አልቆ፣ እኔ ከጎረቤት ትልቅ ድስት ልዋስ ወጣሁ። ስመለስ ግቢው በሳቅ ተሞልቷል። አምስት ልጆች ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ሁለቱ ግምጃ ቤት ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የወለደቻቸው ወንዶች፣ ሁለቱ ከአዘና የመጡ፣ የሌላ አክስቴ ልጅ የወለደቻቸው ሴቶች፣ አንዷ ደግሞ የአጎቴ የራሱ የልጅ ልጅ ናት። አንዱ ዶዘሩን ይዟል። አንዱ ክሬኑን። አንዷ በቀይ መኪናዬ የእህቷን ራስ ትመታለች።

ድስቱ ከእጄ ወደቀ።

ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እየሳቀች። ልጆቹ ሮቦቱን ከቡፌ አውርደው ተጣሉበት፤ ተላቀሱ። በዓመት በዓል ልጅ ሲያለቅስ ደስ አይልም። አጎቴ እጁን ከሥጋው ታጥቦ ሮቦቱን ተቀበለ፣ ወዲያ ወዲህ ጠመዘዘው፣ እጁ ላይ ቀጭ ብሎ ተለያየ። አጎቴ ደስ አለው። «ይኸው! ሠሪው ራሱ መደብ መደብ አድርጎታል!» አለ። ቆጠረ፤ አምስት። ልጆቹን ቆጠረ፤ አምስት። እግዜር ያዘጋጀው ነገር መሰለው። ከልጆቹ ቁልፍና ጠጠር ተቀበለ፣ ባርኔጣውን አመጣ፣ ዕጣ ጣለ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፍርዱን አደነቁ አሉኝ።

«አጎቴ፣ ይህ የእኔ ዕቃ እኮ ነው!» አልኩት።

«አወቅን። ልጆቹ ተካፈሉት።»

«ማን ፈቀደ? አንድ ነው እኮ፤ አምስት አይደለም! ሲለያይ ምንም አይሆንም!»

«በዕጣ የወጣ አይመለስም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ዕጣውስ ውስጥ የእኔ የታለ?»

ይህን ስለው ለአፍታ እንደ መገረም ብሎ አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። በእውነት ሊያስረዳኝ ፈልጎ ነው ያለው፦ «ዕጣው በልጅ ነው የተጣለው። አንቺ ምን ልጅ አለሽ?»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ፣ በዓመት በዓል አታሳፍሪኝ» አለች። ከዚያ ከአጎቴ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ እንደምሰማ እያወቁ፣ እንደማልሰማ አድርገው ተነጋገሩ። «ሆድ ብሷት ነው፤ ልጅ ብታገኝ ይተዋታል» ነበር የተባለው። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ ደግሞ እናቴ፣ ወደ አማርኛ ተመልሳ። እኔ ሆድ ውስጥ ግን ነቀዘ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሰው ያለ ንቀት ሊንቅ እንደሚችል ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። የወንድሜን ስልክ እዚያ ቡፌ ላይ ቢያገኙት ለአምስት አይሰብሩትም ነበር። የእኔ ነገር ግን ባለቤት የሌለው ነገር ነው። የእኔ ጊዜ ለታመመ አስታማሚ ነው፤ የእኔ ደመወዝ ለተቸገረ ነው፤ የእኔ አልጋ ለእንግዳ ነው። ሮቦቱም ተራው ደርሶት ነው እንጂ አዲስ ነገር አልተደረገብኝም።

ልጆቹ በማግስቱ የየራሳቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

መንገድ ሰላም ሲሆን ጠብቄ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ወንድማማቾቹ ዶዘሩንና ክሬኑን ጭቃ ሲያስዝቁ ከርመዋል፤ አንዱ ጎማ የለም። ኳስ ገዝቼ ስለነበር በደስታ መለሱልኝ፤ እንዲያውም ኳሱን ከያዙ በኋላ ዞር ብለው አላዩኝም። አዘና ደግሞ የልጆቹ እናት ናት የተቀበለችኝ፤ አብሮ አደጌ ናት። ገልባጩንና የእሳት አደጋውን ከልጆቿ ነጥቃ ሰጠችኝና «አንቺ፣ ለአሻንጉሊት ብለሽ አዘና ድረስ?» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ሐዘኔታ ነበር። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ቂጣ ቋጥራ በባጃጅ ሸኘችኝ፤ ቂጣውን እየበላሁ፣ እየተናደድኩ ተመለስኩ።

ባቡሩ ቀረ። እሱ የደረሰው ለአጎቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው። ዳንግላ ቤቱ ስሄድ ግቢው ውስጥ በሲባጎ አስራ አቧራ ላይ ትጎትተዋለች። ሆዱ እንደሚከፈት አታውቅም። ውስጡ ጭንቅላት እንዳለ ማንም አላሳያትም።

«አጎቴ፣ ባቡሩን ይስጡኝ። ሌሎቹ መልሰዋል።»

«መለሱ ወይስ አስመለስሽ?» አለኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ስሚ። እኔ ያካፈልኩት ተመልሶ አያውቅም። ዛሬ በአሻንጉሊት ካፈረስኩ ነገ በበሬ ማን ያምነኛል?»

እውነቱን ለመናገር የሞኝ መልስ አልነበረም። የበለጠ ያናደደኝም ይህ ነው። ሰውየው እንደ ቃሉ ፍትሐዊ ነው። ፍትሑ ግን እኔን ሳይቆጥር ነው እኩል የሚወጣው።

እስከ መስቀል አራቱ መኪናዎች ክፍሌ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቆዩ። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ከሥራ ስገባ አያቸዋለሁ፤ እናደዳለሁ፤ ራቴን እሠራለሁ።

ለመስቀል እንደገና በሬ ታረደ። አጎቴ ሥጋውን ደርድሮ ጨረሰ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጠጠርና ቆርኪ መሰብሰብ ጀመረ። የእናቴ ቆርኪ ገባ። ከማድ ቤት ወጣሁ። እጄን እንኳ አልታጠብኩም፤ ሽንኩርት ይሸታል። በወንዶቹ መካከል አልፌ ቀዩን የእሳት አደጋ መኪና ባርኔጣው ውስጥ ጣልኩት።

አጎቴ ወደ ባርኔጣው አየ። «ይህ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የእናትሽ ገብቷል።»

«ያ የእናቴ ቤት ነው። ይህ የእኔ ቤት ነው፤ እንጅባራ በኪራይ ያለው። አንድ ሰው አለበት። መዋጮውን ከፍሏል።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አልተከተለውም። አጎቴ እጁን ወደ ቅጠሎቹ ዘረጋ። «መደቡ አልቋል፤ አታዪም?»

«ይበተናላ!» አልኩት። «መበተን እንደሆን ያውቁበታል!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። ሊያባርረኝ ይችል ነበር። ነገር ግን መዋጮ የከፈለ ሰው ያለ መደብ እንዲቀር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መፍረድ አልቻለም። ጎንበስ አለ። ከእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ እያነሣ አንድ አዲስ ቅጠል ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። በንዴት እጁ ይፈጥን ነበር። ሲጨርስ ግን የእኔ መደብ ከሌሎቹ አንድ ቁራጭ አይበልጥም፣ አያንስም። ያ እጅ ሲናደድ እንኳ ማጭበርበር አያውቅበትም።

ጎረቤታችን ተጠርቶ ዕጣውን ጣለ። ቀዩ መኪና ሽንጥ ያለበት መደብ ላይ ወደቀ። አንሥቼ ጎማውን በቀሚሴ ጠረግኩት።

«ባቡሩ ግን በዕጣ የወጣ ነው» አለ አጎቴ፣ ሳያየኝ።

«የእኔም ሥጋ በዕጣ የወጣ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡሩ አልተነጋገርንም፤ እስካሁን እሱ ቤት ነው።

ሥጋዬን በሳፋ ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። እናቴ ከኋላዬ ገባች። እንደ ልማዷ ሳፋዬን አንሥታ በእሷ ድስት ላይ ልትገለብጠው ዘንበል አደረገችው። እጇን ያዝኩት።

«ለብቻው ይሁን።»

«ለምን?»

«የእኔ ነው።»

ሳፋውን መልሳ አስቀመጠች። ሥጋውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። «ተበታተንን ማለት ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«የበተንኩት እኔ ነኝ እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ወደ ምድጃው ዞራ እሳቱን ቆሰቆሰች። ድስቱን ግን ለየሁ።