በመቀነት የታሰረ ቁስል

ማክሰኞ ጧት ከአሰላ ስነሣ ዓላማዬ ዳልቻን ማዳን ብቻ ነበር። ዳልቻ ባለቤቴ ያሳደገችው ውሻ ነው፤ እርሷ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። ከሳምንት በፊት የአጥር ሽቦ ጭኑን ሲቀደው፣ የተሸፈነ ቁስል የሚድን መስሎኝ በእርሷ መቀነት ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት፤ ዳግመኛም አልፈታሁትም። እርሱ ግን መብል ተወ፤ ቁስሉም ይሸት ጀመር። አርቦዬ የምትኖረው የባለቤቴ እህት አስካለ ከብት አርቢ ናትና ወደ እርሷ ልወስደው ቆረጥሁ።

ገብስ የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ዳልቻን አየት አድርጎ፣

«አባቴ፣ ይናከሳል?» አለኝ።

«በዕድሜው ሰው ነክሶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ከስንቱ ተሳፋሪ ይሻላል! ለእርሱ ስሙኒ ይበቃል።»

ለራሴ ሁለት ብር ከፈልሁ።

ዴራ

ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ካባዬን አወለቅሁ። ዴራ ላይ ሙቀቱም ዝንቡም በረታ። ከቁስሉ ላይ በባርኔጣዬ ሳባርር ቆየሁ። ለምሳ ሽሮ ቀረበልኝ፤ ለዳልቻ የቆረስሁለትን እንጀራ አሽትቶ ተወው።

አርቦዬ

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደረስን። አስካለ ሰላምታችን ሳያልቅ መቀነቱን አየች፤ የማን እንደሆነም ዐወቀች። ቀስ ብላ ፈታችው። ነጫጭ ትሎች ሥጋው ውስጥ ይርመሰመሱ ነበር።

«ጋሼ! መጽሐፍ ነው እንዴ፣ ከድነው የሚያስቀምጡት? ዝንብ እንቁላሏን ጥላበታለች እኮ!»

«ይድናል?»

«ጠልቆ ካልገባ ይድናል። ራሱን ይያዙልኝ።»

ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥባ ትሉን በወረንጦ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ዳልቻ ተወራጨ።

«ያናግሩት እንጂ! ድምፅዎን ሲሰማ ይረጋል።»

«ምን ልበለው?»

«ለእኔ ያልነገሩኝን።»

እህቷ እንዴት እንዳረፈች ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ ሦስቱንም በዝምታ አልፌአት ነበር። አሁን ለውሻው ነገርሁት፤ ትኩሳቱ እንዴት እንደ ጀመራት፣ በመጨረሻዋ ማለዳ «ዳልቻ በላ?» ብላ እንደ ጠየቀችኝ፣ እኔም ሳላበላው «አዎን» እንዳልኋት።

አስካለ ቀና አላለችም። እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል፤ ወረንጦው ግን አልቆመም። የመጨረሻውን ትል ስታወጣ ወተት ያለበት ሣህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣

«በሉ፣ አሁን ያብሉት» አለችኝ።

ወተቱን በመዳፌ ሳቀርብለት ዳልቻ ከእጄ ላሰ።

መልስ

በአምስተኛው ቀን ወደ አሰላ ተመለስን። አስካለ መቀነቱን አጥባ አጥፋ ሰጠችኝ፤ እኔም ለእርሷ ተውሁላት። የተማርሁት ጥቂት ነው፤ ቁስል በየዕለቱ ተፈትቶ ይታያል፣ ይታጠባል፣ ጨርቁ ይለወጣል፣ ዝንብም አይጠጋውም።

ዛሬ ጧት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፈታሁለት። የቁስሉ ዳር አዲስ ሥጋ ይዟል። ምግቡን አቅርቤ፣ በልቶ እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሣሁም።