ኋላውን የማያይ ሾፌር

ቢተው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለነበር መስታወት ማየት እንጀራው ነው። በቀኙ መስታወት የሚሳፈረውን፣ በግራው ሊቀድመው የሚጣደፈውን፣ ከራሱ በላይ በተሰቀለው ደግሞ የተሳፋሪውን ሁሉ ፊት ያያል። ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ፣ ማን ሳይከፍል ሹልክ ሊል እንዳሰበ ከመሪው ሳይነሳ ይነግራችኋል። ይህ ሁሉ ታዲያ ከአውቶቡሱ እስኪወርድ ድረስ ነው። በእግሩ ሲሄድ አንድም ቀን ዞሮ አይቶ አያውቅም፤ ከኋላው የምትከተለው ሚስቱ ብትሆንም።

ተወልዶ ባደገበት በመንዝ ባል ፊት ፊት ይሄዳል፣ ሚስት ትንሽ ቀረት ብላ ትከተላለች። አባቱ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሄዱት እንደዚያ ነው። ከሚስቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ወንድ ካዩ መንገድ ጠፍቶበት እየመራችው ነው ብለው ይስቁ ነበር። ቢተውም ነገሩን ከእናት ጡት ጋር የጠባው ስለሆነ አስቦበት አያውቅም። ሚስቱ ዘርፌ ግን የአዲስ አበባ ልጅ፣ በዚያ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት።

ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘመኑ 1974 ግድም ነው። ጉርድ ሾላ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆቻቸውና ከዘርፌ እናት ጋር ይኖራሉ። ሁለቱን ክፍል የሚለየው መጋረጃ ነው። ሌላው ቤት ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእነሱ መጋረጃ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ሳልም ነበረው። ባልና ሚስት ትንሽ መንሾካሾክ ሲጀምሩ አማት ከወዲያ "እህም" ይላሉ። ዘርፌ ገና ልጆቹ ሳይወለዱ ጀምሮ "ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ናት" ብላ ያስወሰነችው ለዚህ ነው። የቀበሌ ስብሰባም ቢኖር፣ እንግዳም ቢመጣ ቅዳሜ አትነካም።

ያን ጊዜ ደግሞ ለባልና ሚስት መዝናኛ እንደ ልብ አይገኝም። ሰዓት እላፊ አለ፣ ጥበቃው "ከየት ነው? ወዴት ነው?" ይላል፤ ስለዚህ ደስታም ቢሆን በጊዜ ተጀምሮ በጊዜ ማለቅ አለበት። እነሱ ግን ያልሞከሩት የለም። ፒያሳ ወጥተው የህንድ ፊልም ያዩበት ቅዳሜ አለ፤ ቢተው ከንጋት ጀምሮ ሲነዳ ስለዋለ ገና ዘፈኑ ሳይጀመር እንቅልፍ ጣለው፣ ሆኖም ቤት ሲገቡ ታሪኩን ለአማቱ ከነዝርዝሩ ተረከላቸው። ሌላ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ መጨረሻው ማዞሪያ ሄደው ተመለሱ። ይህ የእሱ ሐሳብ ነበር። ዘርፌ "የሥራ ቦታህን ልታስጎበኘኝ ነው?" ብላ ስታሾፍበት ዋለች። ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ኬክ በሁለት ሹካ የበሉበት ቅዳሜም ነበር፤ ወር ሊሞላ ሲል እንዲያ ያለ ቅዳሜ ይበዛል።

ከሁሉ የሚበልጥባቸው ግን አውሮፕላን ማየት ነው። ከጉርድ ሾላ በገርጂ ማሳ መሃል ያቋርጡና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳሉ፤ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ሻይ እየጠጡ የሚነሳውንና የሚያርፈውን ያያሉ። ዘርፌ መስኮት ዳር የተቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ማንን ጥሎ እንደሚሄድ ታሪክ ትፈጥራለች። ቢተው እንደዚያ ስታወራ ዕድሜ ልኩን ቢሰማት አይጠግባትም። ከሰገነቱ ወርደው መንገድ ሲጀምሩ ግን ያው እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ።

አንድ ቅዳሜ ከዚያው ሲመለሱ፣ ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ዘርፌ ቆመች።

"ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ጀርባህን ነው" አለችው። "ለተሳፋሪ መስታወት አለህ። ለእኔ ምን አለህ?"

 አልጮኸችም። የሚመጣው ቅዳሜ እንደተለመደው አብራው እንደምትሄድ፣ ያኔም ጀርባውን ከሰጣት ግን ከዚያ በኋላ ብቻውን እንዲዝናና፣ እሷ ከእናቷ ጋር ቤቷ እንደምትቀመጥ በቀስታ ነገረችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቁጣ ይበርዳል፤ ይህኛው ግን ታስቦበት ያደረ ነገር መሆኑ ገባው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከረመ። ቢጨንቀው ለቲኬት ቆራጩ ለላጲሶ አዋየው። ላጲሶ ሳቀበት፤ ጎን ለጎን መሄድ ምን ችግር አለው፣ እግር ያንተ፣ መንገዱ የመንግሥት ብሎ አላገጠበት። ቢተው ግን ያውቀዋል። ከዚህ በፊት ሞክሮ ነበር፤ ትንሽ እንደሄዱ እግሩ ሳያስፈቅደው ቀደም ቀደም ይላል። እግሩ እሺ ካላለው ቢያንስ በአፉ ሊያስረዳት ቆረጠ። ይህም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ዓይን ዓይኗን እያየ መናገር ለእሱ በዳገት ላይ ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ ከማቆም ይከብዳል። ስለዚህ እንደለመደው ፊት ፊት እየሄደ ሊነግራት ወሰነ። ጀርባውን ስለጠላችበት በጀርባው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው እንግዲህ። ሰው ሲጨንቀው የማያስበው ነገር የለም።

ቅዳሜ ደረሰች። በማሳው መሃል ቃሉን በሆዱ ሲያጠና አንድም ነገር ሳይተነፍስ ማረፊያው መግቢያ ደረሱ። እዚያ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ይፈተሻሉ። ቢተው እጁን አነሳ፣ ኪሱ ተዳበሰ፣ አለፈ። ጥቂት እንደሄደ የሴት ጫማ ኮቴ ከኋላው ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማና ልቡ ሞላ። አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

"እንዳታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ ይጠፋብኛል" ብሎ ጀመረ። "መጀመሪያ ፊት ፊት የሄድኩት አባቴን አይቼ ነው። በኋላ ግን ያ ክፉ ጊዜ መጣ። በር ከፍተን ስንወጣ ምን እንደሚጠብቀን አናውቅም ነበር። ያኔ የሚመጣ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ እያልኩ ነበር የምቀድምሽ። ጊዜው አለፈ፤ እግሬ ግን ማለፉን አልሰማም። ዞሬ የማላይሽ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ኮቴሽን እሰማለሁ። ከሺህ ሰው ኮቴ መሃል ያንቺን እለየዋለሁ። ብቻ ቅዳሜን አትውሰጂብኝ። ያለ ቅዳሜ እኔ ሾፌር ብቻ ነኝ።"

 ከኋላው ለቅሶ የቀላቀለ ትንፋሽ ሰማ። ሰገነቱ ደረጃ ሥር ሲደርስ እንደምንም ወኔውን አሰባሰበና ዞረ።

ሻሽ ያሰሩ፣ ዘንቢል ያንጠለጠሉ፣ የማያውቃቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ቆመዋል።

ቢተው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ባለቤቴ መስለውኝ ነው" አለ።

"ገብቶኛል ልጄ" አሉት። "የእኔው አብዱልገኒ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ወላሂ፣ ያላቋረጥኩህ ለዚህ ነው። አሁን ሂድና ለራሷ ለባለቤትህ ንገራት። ብቻ ኮቴዋን ከሺህ እለያለሁ ያልከውን ተወው።"

እማማ ዘሃራ ይባላሉ፤ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚመጡ ባላቸውን ሊቀበሉ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ቢተው ግን ይህን የሰማው በአንድ ጆሮው ነው። ዓይኑ መግቢያው ጋ ነበር። ዘርፌ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው አንድ አጭር ግንብ ላይ ተቀምጣለች። የሴቶቹ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ዘግይታ ስትወጣ፣ ባሏ እጁን እያወናጨፈ እያወራ፣ ሌላ ሴት አስከትሎ ሲሄድ አየችው። ብትጠራው ይሰማት ነበር። አልጠራችውም። እስቲ የት ሲደርስ ይዞራል ብላ ተቀመጠች። ሳይዞር ደረጃውን ቢወጣ ኖሮ አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቷ ልትገባ ነበር፤ ይህን ራሷ ነው በኋላ የነገረችው።

ቢተው ወደ እሷ ተመለሰ። ከፊት ለፊቷ ወደ እሷ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቷ እየቀረበ ሲመጣ ልሳቅ ወይስ ልቆጣ የሚል ነገር አየበት።

"ሴትዮዋን ምን ብለህ ነው ያስለቀስካቸው?" አለችው።

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። እማማ ዘሃራ ከኋላ ተከትለውት ኖሮ "አብሽር፣ ንገራት እንጂ! እምቢ ካልክ እኔ እነግራታለሁ፤ አንዲት ቃል አልጠፋችብኝም" አሉት።

ነገራት። ያ ሁሉ ያጠናው ንግግር ግማሹ ጠፋው፣ ግማሹ ተገላበጠበት፣ አባቱና ያ ክፉ ጊዜ ተደባለቁበት። ዓይኗን እያየ ግን ተናገረ። ስለ ኮቴው ትንፍሽ አላለም። ዘርፌ ጨርሳ ሰማችውና ተነስታ የኮቱን እጅጌ ያዘች። ወደ ሰገነቱ ሲሄዱ እግሩ እንደ ልማዱ ቀደም ሲል በእጅጌው ጎተት፣ አሁንም ቀደም ሲል ጎተት ታደርገዋለች። ሻያቸውን እየጠጡ የኮምቦልቻው አውሮፕላን ሲያርፍ አዩ። ጋሽ አብዱልገኒ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ፊት ፊት ሲሄዱ፣ እማማ ዘሃራ ከኋላ አንድ ነገር አሏቸው። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ዞሩ። ዘርፌ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች።

ሲመለሱ ገርጂ ማሳው አፍ ላይ ደረሱ። መሽቶ ዓይን ለመያዝ ጥቂት ቀርቶታል። ቀጭኗ የእግር መንገድ ለሁለት አትበቃም። ቢተው ቆመና "አንቺ ቅደሚ" አላት።

ቀደመችው። ጀርባዋን አየ። ስትሄድ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል እንደምትል አያውቅም ነበር። የአንዱ ጫማዋ ተረከዝም አልቋል። ስለ እማማ ዘሃራ እያወራችው ነው፤ ይሁን እንጂ ነፋሱ ቃሏን ግማሹን ይወስድበታል፣ እየሳቀች ይሁን አይሁን ከጀርባዋ አያስታውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ የሄደችው እንዲህ ነበር። ቢተው ሊጠራት ፈለገና አፈረ።

ገና መጀመሪያው ባሕር ዛፍ ጋ ሳይደርሱ ዘርፌ ቆመች፣ ዞር ብላም አየችው።

"አለህ?" አለችው።

"አለሁ" አላት።