በፍሎፒ የተላከ ግድግዳ

ሥራ የገባሁ ቀን እትዬ ዘነቡ ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩኝ የኮምፒውተሩን ልብስ ነበር። በዳንቴል የተሠራ ነጭ ሽፋን ነው። ለስክሪኑ አንድ፣ ለሳጥኑ አንድ፣ ለኪቦርዱ አንድ፣ ለማውሱ እንኳ እንደ ሕፃን ቆብ ያለች አንድ። «ማታ ሳታለብሰው ከሄድክ ነገ እንዳትመጣ» አሉኝ። ስለ ደመወዝ ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤቱ ሰቆጣ ከገበያው ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ በሩ ላይ «ፎቶ፣ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ተጽፎበታል። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። እትዬ ዘነቡ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅና ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። እኔ ደግሞ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺና ቤት ጠራጊ ነበርኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ፊልሙ በአውቶቡስ ወልድያ ሄዶ ታጥቦ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ደንበኛው በየቀኑ እየመጣ ይሰድበኛል፤ እሱም የሥራው አካል ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር ከመጡት ሲዲዎች በአንዱ ላይ ፍራክታል የሚሠራ ፕሮግራም አገኘሁ። ለማያውቀው ሰው ልንገር፦ ለኮምፒውተሩ አንዲት አጭር የሒሳብ ቀመር ትሰጠዋለህ፤ እሱ ያችኑ ደጋግሞ እያሰላ ሥዕል ያወጣልሃል። ከሥዕሉ ጠርዝ አንዲት ነጥብ መርጠህ ብታጎላት ውስጧ ሌላ ሥዕል አለ። እሱንም ብታጎላው ሌላ። መጨረሻ የለውም! እኔ እንደሆነ ጉድ ሆንኩ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ሁሉ እሱ ላይ ተጥጄ እውል ጀመር።

ቀመሩ ተሰጥቶት ሥዕሉ እስኪወጣ ያለውን ሥራ ሬንደር ይሉታል። እኔ ማብሰል ነው የምለው። ትንሽ ሥዕል ሻይ እስኪፈላ ይደርሳል። ትልቅ ሥዕል ግን እንደ ንፍሮ ነው፤ ሲንተከተክ ይውላል፣ ያድራል፣ ይሰነብታል። ጠርዙ እንዲለሰልስ ካዘዝከውማ ልብህን ያወልቀዋል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥዕሉ ጥሬ ይቀርና እንደገና ከሀ መጀመር ነው። የሰቆጣን መብራት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን እትዬ ዘነቡ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል፤ አላየኋቸውም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው እትዬ።»

«ወግድ! የበግ አንጀት ነው እንጂ! ሒሳብ ካማረህ ለምን የቤቱን ሒሳብ አትሠራም?»

በዚህ መሐል ከፊት ለፊታችን ሌላ ፎቶ ቤት ተከፈተ። ከሚነሳው ሰው ኋላ የሚንጠለጠለው መጋረጃ ላይ ፏፏቴ፣ ሁለት ዳክዬና አንድ አውሮፕላን ተስለውበታል። አውሮፕላኑ ከዳክዬዎቹ ያንሳል፤ ማን ግድ ብሎት! ሰው እየተጋፋ እዚያ ገባ። የእኛ መጋረጃ ሰማያዊ አቡጀዲ ነው፤ ያውም ከታች በኩል ሕፃን ሽንቱን የሸናበት። አንድ ሳምንት ሙሉ የገባልን ሰው መንገድ የጠፋበት ብቻ ነበር።

እትዬ ዘነቡ ቁርጡን ነገሩኝ። «የፋሲካ ማግስት ሠርገኛ ወደኛ ካልዞረ ቤቱን ዘግቼ ኒሯቅ እኅቴ ጋ ነው የምሄደው። አንተም ራስህን ቻል።» ቤቱ ከተዘጋ ዳግመኛ ኮምፒውተር አጠገብ የምቀመጥበት ቀን አልታየኝም።

«እትዬ፣ ፍራክታል ጨርቅ ላይ አሳትመን ለመጋረጃ እንስቀል» አልኩ። «አዲስ አበባ በትልቁ የሚያትም ቤት አለ።»

«የበግ አንጀቱን?»

«ሌላ አለ። ይዩትማ።»

ከፈትኩላቸው። ሰማያዊ፣ ነጭና የማር ቀለም ያለው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ የሚገባ ሥዕል ነው። ጠጋ ብለው አዩትና «ይኼ እንኳ ደኅና ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይኼ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። በትልቁ ላብስለው ብል ኮምፒውተሩ ለቀናት ተይዞ ይሰነብታል። «በሕይወት እያለሁ ማመልከቻ አይቆምም» አሉ። እሺ፣ በስክሪኑ ልክ አበሰልኩት። ቀጥሎ ማስቀመጥ መጣ። ቢኤምፒ ብዬ ላስቀምጠው ስል እያንዳንዷን ነጥብ እንዳለች ይይዛል፤ ግን ከብዶ ፍሎፒ ዲስክ ላይ አልገባም አለ። እኛ ጋ ደግሞ ከፍሎፒ ሌላ መላኪያ የለም። ቀመሩን ብቻ ላስቀምጥ ብል ላባ ነው፤ ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ ፕሮግራሙ የለው፣ ቀመር ይዞ ምን ያደርገዋል? ጄፔግ ቀረ። ጄፔግ የሚጥለውን ጥሎ ጨምቆ ያሳንሳል። ጨመቅኩት። አንዲት ፍሎፒ ላይ ገብቶ ቦታ ተረፈው። ስክሪኑ ላይ ሲታይ መልአክ ነው! በፌስታል ጠቅልዬ በአውቶቡስ ላክሁት።

ታትሞ መጣ። እኔና እትዬ ዘነቡ ወለሉ ላይ ዘረጋነው።

በስመ አብ! ነጥቦቹ በጭመቃው ተቧድነው መዳፍ የሚያህሉ አራት ማዕዘኖች ሆነዋል። ጥምዝምዙ የለ፣ ውስጥ ለውስጥ መግባቱ የለ። ሰማያዊ ካሬ፣ ነጭ ካሬ፣ የማር ቀለም ካሬ፣ አሁንም ካሬ። ተጨምቆ የተላከ ትንሽ ሥዕል ተለጥጦ ግድግዳ ሲያህል እንዲህ እንደሚሆን ስክሪን ላይ ብቻ ያየ ሰው የት ያውቃል?

«ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ነው» አልኩ።

«ከየት? ከላሊበላ?»

መሬት ይዋጠኝ አልኩ። እሳቸው ግን «ከፍዬበታለሁ፤ ይሰቀላል» ብለው መዶሻውን አነሱ።

መጀመሪያ የገቡት አያ ብርሃኑ ናቸው። የጽጽቃ ገበሬ ናቸው፤ ባለቤታቸውን ይዘው ገበያ መጥተዋል፣ አዲስ በቅሏቸው ውጭ ታስራለች። ካሱ የሚባል ልጃቸው አረብ አገር ነው፤ ለእሱ የሚልኩት ፎቶ ፈልገዋል። ፊት ለፊት ያለው ቤት ሰልፍ ስለበዛበት ነው እንጂ እኛን መርጠው አልነበረም። ገብተው መጋረጃውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከሚስታቸው ጋር በኽምጣኛ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሴራሚክ ነው?»

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዘነቡ ቀደሙኝ። «ምን ይመስልዎታል?»

«ሴራሚክ ነዋ!»

«እንግዲያውስ ሴራሚክ ነው።»

ነገሩ ወዲያው ወጣ። ካሱ ሰቆጣ ያሠራውን ቤት የፊት ግድግዳ ሴራሚክ እንዲያስለጥፉለት ገንዘብ ልኮ ነበር። አያ ብርሃኑ በቅሎ ገዙበት። «ምን ላድርግ? ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ገበያ አይኬድ!» አሉን። አሁን ካሱ «የግድግዳው ፎቶ የታለ?» እያለ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

ቆሙ። የመጋረጃው ዘንግ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አስጠነቀቁኝ። ሚስታቸው ለማማር ብለው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ቢያሳርፉ ሴራሚኩ እጥፍ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «ንክች እንዳታደርጊው!» ብለው ጮኹ አያ ብርሃኑ። እንደገና ቆሙ፤ አነሳኋቸው። ታጥቦ ሲመጣ፣ እውነቴን ነው፣ ለእኔ ለራሴ፣ ላነሳኋቸው እንኳ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የቆሙ መሰሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ባልና ሚስት ከጽጽቃ መጡ። ከዚያ ከኒሯቅ። ልጁን አረብ አገር የላከ ሁሉ «ያ ግድግዳ ያለበት ቤት የትኛው ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ፋሲካ አለፈና ሠርገኛውም ወደኛ ዞረ። የፊት ለፊቶቹ ዳክዬዎች ጦማቸውን አደሩ። እትዬ ዘነቡ ስለ ኒሯቅ ማውራት ተዉ፤ እኔንም በቁልምጫ «ምስጌ» ማለት ጀመሩ።

እኔን ግን ነገሩ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ሰው የሚያደንቀው የእኔን ፍራክታል ሳይሆን ብልሽቱን ነው! ከሠርጉ ወቅት በኋላ ማመልከቻ ሲቀንስ እትዬን ለምኜ አስፈቀድኩ። በትልቁ፣ ጠርዙን አለስልሼ አበሰልኩት። መብራቱ እየጠፋ ስንት ጊዜ ከሀ እንዳስጀመረኝ እኔና እመቤቴ ማርያም ነን የምናውቀው። ሲበስል ፒኤንጂ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ይኼኛው ሳይጥል ነው የሚያሳንሰው። የአሮጌውን ስም ከነጄፔግ ቅጥያው ሰጥቼው ነበርና ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ይተካ?» ሲለኝ በደስታ «ይተካ!» አልኩት። በዚያ ወቅት ሲዲ መጻፊያ ተገዝቶልን ስለነበር በሲዲ ላክሁት።

ሲመጣ እንባዬ መጣ። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሠራሁም። ጠጋ ባልከው ቁጥር ሌላ ነገር ታያለህ። ሰቀልኩት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። «ሴራሚኩስ?»

«ይኼ ይበልጣል እናቴ።»

«ኧረ ተው! ይኼማ መጋረጃ ነው» ብላ ወጣች። እትዬ ዘነቡ መሰላሉን አመጡ። ካሬው ተመልሶ ተሰቀለ፤ የእኔው ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ የአያ ብርሃኑ ፎቶ አለ።

«ወንድም፣ ይኼን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

ካሱ ነው። ይኼ ልጅ መንገድ ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ቢጮህ በዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ ወላጅ ሁሉ ይጋለጣል፤ የእኛም ቤት ያበቃለታል። እትዬ ዘነቡ የማውሱን ቆብ አንስተው ያጥፉ ጀመር፤ ታጥፎ ይዘረጋል፣ ተዘርግቶ ይታጠፋል። ካሱ ወደ ግድግዳው ሄዶ በጣቱ ነካው። ግድግዳው እጥፍ አለለት።

«የኔ ቤት ይኼ ነው?»

«ልጄ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ብጮህስ የምዋረደው እኔው ነኝ» አለ። «የእጮኛዬ ቤተሰቦች ይኼን ፎቶ አይተው ነው እሺ ያሉኝ። በቅርቡ ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። አባባን ብጠይቃቸው በቅሎዋን ያሳዩኛል!» ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስጠጋና «ይኼንኑ ግድግዳ ልሠራው ነው» አለን። «ይኼንኑ፣ ካሬ በካሬ። እባካችሁ ይኼን ጨርቅ ስጡኝ፣ ለለጣፊው ላሳየው።»

«እሱን ሰጥቼህ እኔ ምን ልብላ?» አሉ እትዬ፤ ነፍሳቸው መለስ ብሎ ነበር። «ምስጌ ከኮምፒውተሩ ያወጣልሃል።»

ከኮምፒውተሩ ላወጣ ብከፍት ያ ስም ያለው የእኔው ለስላሳው ነው። ካሬው ተተክቶ ጠፍቷል፤ ፍሎፒዋም አዲስ አበባ ቀርታለች። ትንሽ ቆይቼ ግን ነገሩ በራልኝ፦ ትልቁ አለኝ አይደል? አሳነስኩት፤ አንዷ ነጥብ አንድ ሴራሚክ እስክትሆን አሳነስኩት። ቀለሙንም ከተማው ውስጥ በሚገኘው ሴራሚክ ልክ ቀነስኩ፤ ሰማያዊ፣ ነጭና የማር ቀለም። ከዚያ ሳላለሰልስ መልሼ ለጠጥኩትና በየቁራጩ አትሜ በፕላስተር አያያዝኩት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

ለጣፊው ወረቀቱን ይዞ ካሬ በካሬ ለጠፈው። አማቾቹ መጡ፤ ፎቶውን ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ ቆዩና እልል ተባለ። ካሱ አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አላስቻለኝም። አያ ብርሃኑ ግን ከሕዝቡ ራቅ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ግድግዳውን አዩት፣ አዩት፣ ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብለው «ፎቶው ላይ ይሻል ነበር» አሉኝ።

ከእኔ ለሚማሩ ልጆች ሁሉ የምላቸው ይኼን ነው። ሥዕሉን በትልቁ አብስሉት። ምንም በማይጥል ዓይነት አስቀምጡት። ቀመሩን ለብቻው ያዙ። በአሮጌው ስም ላይ አዲሱን አትጻፉ። ከትልቁ ትንሹን በፈለጋችሁ ሰዓት ታወጣላችሁ፤ ከትንሹ የሚወጣው ግን ሴራሚክ ብቻ ነው።