የተረፈው ሦስት ኪሎ ሜትር

አክስቴ ስትናደድ አትጮኽም። ድምፅዋ ይወርዳል፣ ቃላቷ ይጠራሉ፣ «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው «እርስዎ» ማለት ትጀምራለች። ባሏ ጠዋት ተነስቶ «ሻይዎ ቀርቧል» ከተባለ፣ ትናንት ምን እንዳጠፋ እያሰበ ነው የሚጠጣው። እኔ ተምሬ እስክጨርስ እነሱ ቤት ስለኖርኩ ሁለት ጊዜ «እርስዎ» ተብያለሁ። ሁለቱንም አልረሳቸውም።

ሥራዋ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥናትና ምርምር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ መጽሐፍ ደርዳሪ ሆና ገባች። ይሄ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሃምሳ አንድ ሞልቷት፣ የመጻሕፍት ማከማቻው ኃላፊ ነበረች። ማከማቻው ሦስት ፎቅና ከመሬት በታች አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ጠባብ፣ መደርደሪያው ብረት፣ ደረጃው እስኪጎደጉድ የተረገጠ። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ በዚያ ክንዷ ላይ እየደረደረች ስለተሸከመች ነው። ተመራማሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ ፈልገው ያጡትን እሷን ይጠይቃሉ። «ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው ተልጧል፣ ርእሱ ጠፋኝ» ብሎ የመጣን ሰው እንኳ ባዶ እጁን አትሸኝም። አመሏ ግን ቀላል አልነበረም። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ የሚደፋ ሰው ካየች፣ ፕሮፌሰርነቱ አያድነውም።

«እትዬ ሜትር» የሚለው ስም የወጣላት የአዲሱ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ነው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነውና የእሱን የብረት ሜትር ተዋሰች። ማንም ሳያዛት፣ አራት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቷ እያንዳንዱን መደርደሪያ ለካች። ርዝመቱን ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፉን ቁመት ጭምር። በየዓመቱ የተጠረዙት የድሮ ጋዜጦች የመስኮት መዝጊያ ነው የሚያካክሉት፣ ተራ መደርደሪያ አይችላቸውም። ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጻፈች። ሲደመር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ሆነ። ራት ላይ፣ መጽሐፉ ጎን ለጎን ቢቆም አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄዶ እንደሚመለስ ስትነግረን፣ ባሏ «ታዲያ ምን በመኪና ያስጭነዋል፣ እዚያው አይበርም?» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ያኔ ገና መሳቅ ይቻል ነበር።

ደብተሩን ይዛ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች። ዳይሬክተሩ በተማሪነቱ መጽሐፍ አስቀምጭልኝ እያለ ደጅ ይጠናት የነበረ ልጅ ነው፤ እሷም እንደ ድሮው «አንተ» ነበር የምትለው። ሠራተኛው በስውር «ሪባን» ይለዋል። አዲስ ነገር ተመርቆ እሱ መቀስ ያልያዘበት ፎቶ የለማ። ደብተሩን አገላበጠ፣ አመሰገናት፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ከሦስት ወር በኋላ የሕንፃው ንድፍ ለሠራተኛው ቀረበ። መግቢያው ላይ ግድግዳው መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ለእንግዳ መቀበያና ለዐውደ ርእይ ነው ተባለ። መደርደሪያው ግን በጠቅላላው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ጠፍጣፋ እስከ ሌላው ያለው ክፍተትም ሁሉም ጋ ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አክስቴ እጇን አነሳች። የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር የት ይገባል? ጋዜጦቹስ?

«እናቴ፣» አላት ንድፉን ያወጣው ኢንጂነር ፈገግ ብሎ፣ «አሁን እኮ መጽሐፍ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው።»

«ከእኛ ስንቱ ገብቷል?»

ኢንጂነሩ ዳይሬክተሩን አየ፣ ዳይሬክተሩ ስልኩን አየ። ከመቶ አራቱ ብቻ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ተናገረችም። ስብሰባው የምንጣፍ ቀለም ወደመምረጥ አለፈ።

ከዚያ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። በኮምፒውተር የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ላይ «በትሕትና» የሚል ቃል ጨምሬ ነበር፤ አነበበችና አሰረዘችኝ። እያንዳንዱን መዝገብ ቤት አስገብታ፣ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ለራሷ አስቀረች። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቤት ስትገባ ቁና ቁና እየተነፈሰች ጫማዋን ታወልቅና፣ ስለ ሕንፃው እንዳንጠይቃት በዓይኗ ትከለክለናለች።

ሕንፃው አለቀ፣ ዝውውሩ ተጀመረ። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ የሚሄድበት ፎቅ፣ ረድፍና መደርደሪያ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። የምትጽፈውም የምትፈርመውም አክስቴ ናት፤ ያለ እሷ ፊርማ ካርቶን ከበር አይወጣም። ጫኞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ካቧቸው አንገተ ወፍራም፣ ንግግሩ ቆጠብ ያለ ሰውዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካርቶኖቹን ከመኪናው ላይ እየወረወሩ ሲያወርዱ ደረሰች። አንዱን አስከፈተችው። ስምንት መጽሐፍ ጀርባው ተሰብሯል። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና፣ አያያዙን ካልተማሩ ከዚያ እንደማትነሳ ነገረቻቸው። ካቦው ሴትዮዋ እንቁላል ነው እንዴ የምታስጭነን ብሎ አጉረመረመ። በሦስተኛው ቀን ግን ካርቶን የጣለ ጫኝ ላይ የሚጮኸው ራሱ ካቦው ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ አዲሱ ሕንፃ ሞላ። የመጨረሻው መደርደሪያ ጫፍ ላይ መርፌ መጣያ ጠፋ። አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ገና ከሦስት ሺህ በላይ ካርቶን አለ፤ ጋዜጦቹም በሙሉ እዚያው ናቸው። አሮጌው ሕንፃ ደግሞ እሑድ ቀትር ላይ ቁልፉ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ሰኞ ምረቃ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር። የተረፉት መጻሕፍት «ያረጁና አገልግሎት የማይሰጡ» ስለሆኑ እንዲወገዱ ይላል፤ እሑድ ከሰዓት የወረቀት ፋብሪካ መኪና መጥቶ ይጭናቸዋል። አክስቴ ገጹን ገለበጠች። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ውሳኔው የተላለፈው «በማከማቻው ኃላፊ ሙያዊ ምክር መሠረት» ነው ይላል። ከሥሩ የእሷ ስም፣ ከስሙ ጎን ባዶ መስመር።

ይሄን በኋላ ነው የነገረችኝ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ምክሯን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ ያልመከረችውን ምክር በስሟ ጻፉ። ቆሽቷ አረረ። መጻሕፍቱን ሊያጠፉ መሆናቸው አንድ ነገር ነው፤ አጥፊዋ እሷ ልትሆን ነው።

«ይሄንን የመከርኩዎት መቼ ነው?» አለችው።

ዳይሬክተሩ «እርስዎ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እትዬ፣ ለደንቡ ያህል ነው እኮ። ማንም አያነበውም።»

«እኔ አነበብኩት።»

ብዕሩን ወደ እሷ አስጠጋ። አልነካችውም። ወረቀቱን በሥርዓቱ አጥፋ ፊቱ አኖረችለትና ወጣች።

ያን ቀን ማታ ባሏ ፈርሚ አላት። ቀድማ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ነው የቀራት፤ የደም ግፊቷም ከፍ ይላል፤ ለሌላ ሰው ጥፋት ለምን ትንገበገባለች? እውነቱን ነው የመከራት፣ ስለሚወዳት ነው። እሷ ግን ሳህኖቹን ማጠቧን ቀጠለች። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና፣

«ለመሆኑ መጽሐፉ ያንቺ ነው?» አላት።

«የኔማ ቢሆን እጥለው ነበር» አለችው፣ ሳትዞር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ አሮጌው ሕንፃ ደረሰች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጻፈች፤ ረድፍ ቁጥር፣ ተራ ቁጥር፣ ፊርማ። ቦታው ላይ ግን ሁሉም ጋ አንድ ቃል ነው ያለው፤ አዳራሽ። ካቦው የመጀመሪያውን አነበበና ጫኞቹን ቁሙ አላቸው።

«እትዬ፣ ዳይሬክተሩ ያውቃሉ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው የሚጠየቀው ማን ነው?»

ካቦው ፊቷን ትንሽ አየና ወደ ጫኞቹ ዞሮ ጭነቱን አስጀመረ። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድም ከማለዳ ጀምሮ ጫኑ። እኔም ሄጄ ወረቀት ስለጥፍ ዋልኩ። ካርቶኖቹ ዝም ብለው አልተከመሩም፤ በቁጥራቸው ተራ፣ ደረት ከፍታ ድረስ፣ በመሐላቸው ሰው የሚያልፍበት መንገድ ተትቶ ተደረደሩ። ጋዜጦቹ ለእንግዶች በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኙ። ንግግር የሚደረግበት መድረክ በሦስት ወገን ተከበበ። እሑድ ቀትር ላይ አሮጌው ሕንፃ ባዶውን ተቆልፎ ቁልፉ ተሰጠ። የወረቀት ፋብሪካው መኪና ከሰዓት በኋላ መጥቶ የተዘጋ በር አንኳክቶ ተመለሰ።

ዳይሬክተሩ አሥር ሰዓት ላይ አበባ አስይዞ መጣ። በመስታወቱ በኩል ሲያይ መጀመሪያ የተሳሳተ ሕንፃ ጋ የመጣ መሰለው። ከዚያ ጮኸ። ያበደች ሴትዮ አላት፣ ከሥራ እንደምትባረር ነገራት፣ ጫኞቹን አሁኑኑ አውጡልኝ አላቸው። ካቦው እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ውሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር እንጂ ከአዲሱ ማውጣት እንደማይል አስረዳው። ደግሞስ ወዴት ነው የሚወጣው? ዳይሬክተሩ ወደ አክስቴ ዞረ።

«ለምን እንዲህ አደረጉኝ?»

«እርስዎን ምንም አላደረግኩዎትም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጻሕፍቱን ቤታቸው አስገባሁ። ቦታ የሠሩት ለእንግዳ ብቻ ከሆነ፣ እንግዳው ደጅ ይቁም።»

እንዳለችውም ሆነ። ሰኞ ምረቃው ደጅ፣ ደረጃው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተካሄደ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ትልቅ ሰውዬ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ አዳራሹን በመስታወት አይተው፣ ይሄ ምንድን ነው አሉ። ጊዜያዊ ነው አለ ዳይሬክተሩ። ስንት ጎደለ ብለው ሲጠይቁ ኢንጂነሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አክስቴ ከኋላ ሆና ሦስት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ብላ መለሰች፤ የሦስቱን ደብዳቤዎች ግልባጭም አውጥታ ሰጠቻቸው። ሰውዬው ማኅተሙን አይተው ወረቀቱን ኮታቸው ኪስ ከተቱት። አላመሰገኗትም፣ አልተቆጧትምም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አክስቴ ራሷ ማውራት አትወድም። ኮሚቴ ተቋቋመ። መጻሕፍቱ እንዳይወገዱ ተወሰነ፤ ለአዳራሹም መደርደሪያ ታዘዘ። እሷ ግን ያለ ፈቃድ አዳራሽ በመያዝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባትና ከማከማቻው ተነስታ በር ላይ ቦርሳ ፈታሽ ሆነች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከደረደረቻቸው መጻሕፍት የሚለያት አንድ የመስታወት ግድግዳ ነው። ዳይሬክተሩ ማስጠንቀቂያውን እንኳ በእጁ አልሰጣትም፤ በጸሐፊው ላከው።

መደርደሪያው ከስምንት ወር በኋላ መጣ። ሲተከል አክስቴ ከበሩ ወንበሯ ሳትነሳ በዓይኗ ለካችው። ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ጋዜጦቹ ከምንጣፉ ተነስተው እንደገና መሬት ላይ ተኙ። ያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ባሏ ቦርሳውን አንስቶ፣ የተበተነውን ለቀመላት። በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ቀረ፤ ብረትና ብየዳ የሚያውቅ ጓደኛውን ይዞ ሄዶ፣ ታች ያሉትን ሁለት ሁለት ጠፍጣፋ እየነቀሉ ለጋዜጦቹ ቦታ ሠሩላቸው። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም።

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ በር ላይ ተቀመጠች። ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣ ማንኛውም ሰው ቦርሳው ይፈተሻል ይላል ደንቡ። ዳይሬክተሩም ይወጣል። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቦርሳውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ይቆማል፤ እሷም ዚፑን ሁሉ ትከፍታለች፣ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ታያለች፣ የመነጽር ማኅደሩን ሳይቀር። ከኋላው ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርሳል። አንድ ቀን ይሄ ነገር ያስደስታት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምኑ ያስደስታል» አለችኝ፤ «ሥራ ነው።»