ገብቶኛል

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጫካ ቃጠሎ ጭስ ከሩቅ መጥቶ ቶሮንቶን በሸፈነበት የሰመር ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አንድ ጥንድ ጫማ ግን አልረሳሁም። ዛሬም ሰው «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ሲነሳ ካየሁ ልቤ ትር ይላል።

የምንኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። በአንደኛው መኝታ ቤት ሦስቱ ሴቶች ልጆቼና ኮሌጅ የምትማረው የባለቤቴ እህት በሁለት ተደራራቢ አልጋ ያድራሉ። ሌላው የእኔና የባለቤቴ የጀማል ነው። አባቴ ከደሴ ሊጠይቁን ሲመጡ የቀረው ሳሎን ብቻ ነበርና ተዘርጊውን ሶፋ ለሳቸው ሰጠናቸው። ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሰልፍ አለ፤ ያረፈደ ሰው ፊቱን ኩሽና ይታጠባል።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ሲመጡ ትንሽ ሳል ነበረቻቸው። «የመንገድ ብርድ ነው፤ ያልፋል» አሉን። ሳሉ ግን አላለፈም። ጀማል ሌሊት ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሠርቶ ጠዋት ይገባና እስከ ከሰዓት በኋላ ይተኛል። የቤታችን ግድግዳ ደግሞ ስሙ ነው ግድግዳ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል።

ጀማል ከሥራ ሲገባ አባባ ኮፊያቸውን አድርገው ብድግ ይላሉ። «እግሬን ላፍታታ» ብለው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ነው። የት ዋሉ ስላቸው «ከሕንጻው ጀርባ ያለው ፓርክ። ዛፍ አለ፣ ወንበር አለ፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ሰው አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶ ከሚውል ንጹሕ አየር ቢያገኝ ምን ይከፋል?

ጀማልም ደስ ብሎት ነው መሰለኝ አንድ ቀን ጥሩ የስፖርት ጫማ ገዝቶላቸው መጣ። አባባ ጫማውን አገላብጠው አዩት፣ አጠለቁት፣ ቆመው ሁለት እርምጃ ሄዱበት። ከዚያ ጀማልን ቀና ብለው አዩትና «አላህ ይስጥህ ልጄ። ገብቶኛል» አሉት።

እኔ ጫማው በልካቸው ገባ ማለታቸው መስሎኝ ሳቅኩ። በባሕሪዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ የልጆቹን የምሳ ዕቃ ሳይቀር የምፈትሽ ሴት ነኝ። ያቺን ቃል ግን አልጠረጠርኳትም።

ከወራት በኋላ፣ ጭሱ የመጣ ዕለት ጠዋት፣ ትንሿ ልጄ በመስኮት አይታ «ማሚ፣ ሰኗ ኦሬንጅ ሆናለች!» አለችኝ። እውነትም ፀሐይዋ ፍም ትመስል ነበር። ሰማዩ ቢጫ ነው። መስኮቱን ብንዘጋውም የተቃጠለ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ስልኬ ላይ አየሩ መጥፎ ስለሆነ ሕጻናትና አረጋውያን ውጭ እንዳይቆዩ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ።

ለአባባ አሳየኋቸው። «ዛሬ እንዳይወጡ፣ አደራ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

የምሠራው ሱፐርማርኬት ውስጥ ዳቦ ክፍል ነው። በመስታወቱ ወደ ውጭ ሳይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ ጠፍቷል። ደንበኞች ማስክ አድርገው ይገባሉ፤ አይናቸው ቀልቷል። የምሳ ሰዓቴን ሳልጠብቅ ቤት ደወልኩ። የአባባ ስልክ አይነሳም። ጀማል ጋ ኮል አደረግኩ።

«አባባ አሉ?»

«ተኝቼ ነበር እኮ… ቆይ።» የበር ድምፅ ሰማሁ። «የሉም። ስልካቸው ሶፋው ላይ ነው። ጫማቸውም የለም።»

ማናጀሬን ኢመርጀንሲ ነው ብያት ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። ፓርኩ ስደርስ ጀማል በነጠላ ጫማና በሌሊት ሱሪው ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ጭሱ ከዛፎቹ መሃል ተኝቷል፤ ገና ትንሽ ስራመድ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ ሳል ያለባቸው ሽማግሌ ምን ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሰውዬ ውሻውን እየጎተተ ሲያልፍ የአባባን ፎቶ አሳየሁት። ረጋ ብሎ አየው። «እኔ በየቀኑ ጠዋት እዚህ ነኝ። እኝህን ሰው አይቻቸው አላውቅም» አለኝ።

እኔና ጀማል ተያየን። ፓርክ ካልሆነ፣ ይሄን ሁሉ ወር የት ነው የሚውሉት?

የዚያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት ዛሬም መግለጽ ይከብደኛል። አባቴ ከጉያዬ ሳይርቁ የማላውቀው ሌላ ኑሮ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። አገሩን አያውቁት፣ ቋንቋውን አይችሉት። መኪናው የሚበርበት ሃይዌይ ትዝ አለኝ፤ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ያለው ገደል ትዝ አለኝ። ጀማል መስጊድ ጋ አይቼ ልምጣ ብሎ ሮጠ። እኔ ወደ ፊንች መንገድ ወጣሁ።

መንገዱ እንደ ልማዱ ነው። ለአዲሱ የከተማ ባቡር ሥራ የታጠረው አጥር፣ የተቆፈረው አፈር፣ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙት የጭነት መኪናዎች፤ በዚያ ላይ ጭሱ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲቆም ፎቶውን አሳየሁ፤ ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን የምትነዳው ፀጉሯን የተሠራች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ጃማይካዊት ነበረች። ፎቶውን ገና ስታየው «ፓፓ!» አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልጃቸው ነሽ? እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር። «ግቢ፣ ግቢ።»

ከኋላዋ ቆሜ እየሄድን ነገረችኝ። አባባ በየጠዋቱ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ይቀመጣሉ። ሲበርድ አውቶቡሷ ላይ ይወጣሉ፤ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ስቴሽን ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ቋንቋ የላቸውም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይሏታል። ዛሬ ጎንበስ ብለው ሲያስሉ አይታ ደግፋ አስገባቻቸው። ከውጭ ይሻላል ብላ ስቴሽኑ ውስጥ አወረደቻቸውና ለሠራተኞቹ አደራ ብላ ሄደች።

ነዳጅ ማደያው አጠገብ ስናልፍ ፌርማታውን አየሁት። በሦስት በኩል መስታወት ነው። ፊት ለፊቱ የትራፊክ መብራት አለና ናፍጣ የሚተፉት መኪናዎች ሁሉ እዚያው ነው የሚቆሙት። አባቴ ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ ብዬ የተደሰትኩት እዚህ ቦታ ነበር።

ስቴሽኑ ከጭሱ በሸሸ ሰው ታጭቋል። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ስገባ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለዋል። በተነፈሱ ቁጥር ትከሻቸው ይነሳል፤ ደረታቸው ያፏጫል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንድ የስቴሽኑ ሠራተኛ አጠገባቸው ቆሞ አምቡላንስ እየጠራ ነበር።

«አባባ!»

«ሥራሽን… ለምን… ትተሽ መጣሽ?» አሉኝ። ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቷቸው ነበር። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግኩ። አባቴ እዚያው ሰው መሃል የሚሞቱ መሰለኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሟ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለችኝ። ወላሂ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም አልኳት። «ታዲያ ጭስ ያለበት ቦታ ይሠራሉ? በቀን ለምን ያህል ሰዓት?» ስትለኝ ሾፌሯ የነገረችኝን ነገርኳት። የአባቴን ውሎ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው የአውቶቡስ ሾፌሯ ናት። ሐኪሟ እንዳለችኝ ሳንባቸው ከተቆጣ ቆይቷል፤ የዛሬው ጭስ መጨረሻው ሆነበት እንጂ መነሻው አይደለም። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ከባድ ነበር አለችኝ።

ነርሷ ልብስና ጫማቸውን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ጫማውን ሳወጣ ሶሉ ዘወር ብሎ ታየኝ። ሶሉ አዲስ ነው። ስንት ወር እግር ሲፍታታበት የኖረ ጫማ፣ መሃሉ ላይ የተለጠፈችው የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተላቀቀችም።

ትንፋሻቸው ሲመለስ የደወልኩለት ጀማልም በነጠላ ጫማው እያለከለከ ደርሶ ነበር። የኦክስጅኑን ማስክ ከፍ አድርጌ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ፓርክ ሄደው ያውቃሉ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ሄጃለሁ። ዳገቱን ስመለስ ያፍነኛል፤ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን ቤት አይቀመጡም?»

«ሳሉ መች ያስቀምጠኛል? ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ ያደረ ሰው በእኔ ሳል ይነሳ? በዚያ ላይ አማች ነው። እኔ ሳሎን ተጎልቼ እሱ በገዛ ቤቱ ሽንት ቤት ለመሄድ ይፈር?»

ጀማል ጣልቃ ገባ። «አባባ! እኔ እኮ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት እየጮኸ በብሬክ ሰዓቴ ካርቶን ላይ የምተኛ ሰው ነኝ። የእርስዎ ሳል ነው የሚቀሰቅሰኝ?»

«ታዲያ ጫማውን ለምን ገዛህልኝ?»

«እንዴት ለምን?»

«ጨዋ ሰው አማቹን ውጣልኝ አይልም፤ ጫማ ይገዛለታል። እኔም ገብቶኛል አልኩህ። እንዳታፍር ብዬ ነው።»

ጀማል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እግርዎን እንዳያምዎት ብዬ ነው እኮ፣ አባባ» አለ።

አባባ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው አልገባኝም ነበራ!» ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው። ነርሷ ሮጣ መጥታ ማስኩን ፊታቸው ላይ መለሰችና ሁላችንንም ተቆጣችን።

ቤታችን ዛሬም ያው ነው፤ የሰፋ ክፍል የለም። የሽንት ቤቱ ሰልፍም አለ። አባባም እዚሁ ቀርተዋል፤ ፓፈር፣ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት፣ ታዞላቸው ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋታል፤ ሳሎን ተቀምጠው እንዳሻቸው ያስላሉ፣ ጀማልም ከግድግዳው ማዶ ያንኮራፋል። ለዒድ ለሾፌሯ ሳምቡሳ ይዘንላት ሄድን። መጀመሪያ የጠየቀችን «ፓፓ ቤት ነው የሚውሉት?» ብላ ነው።

እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የአየሩን ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ይሉኝታ ሰው እንደሚገድልም አይቻለሁ፤ ስለዚህ «እሺ» ያለኝን ሰው ሁሉ አይን አይኑን አየዋለሁ። ከሳሎን ሳል ስሰማ እረጋጋለሁ፤ የምደነግጠው ዝም ሲል ነው። ጠዋት ለሥራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው በሩ ሥር ያለውን የአባባን ጫማ ነው። ካለ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ እሄዳለሁ።