የእመቤታችን አልባሽ ዴዎሊንዳ

በፖርቶ ከተማ፣ ከዱሮ ወንዝ ዳር ሽቅብ በሚወጣው የሪቤይራ ሰፈር ደረጃ ላይ ምስጢር ዕድሜው አጭር ነው። መጥበሻ ላይ የተጣለ ሰርዲን እስኪገለበጥ ከቆየ፣ ብዙ ቆየ ይባላል። ላይኛው ቤት ላነጠሰች ሴት «ይማርሽ» የሚላት ታችኛው ቤት ነው። ወሬው የትም ይወለድ የት፣ ክርስትና የሚነሳው ግን ዴዎሊንዳ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ስም የምታወጣለትም እሷ፣ ትንሽ ሥጋ ጨምራ የምታሳድገውም እሷ።

ዴዎሊንዳ ሰባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ዓሣ ስትቸረችር ኖራለች፤ ድምጿ የተሳለው ያኔ ነው። በረንዳዋ ላይ ቆማ የምታወራው ወንዙን ተሻግሮ ጋያ ከተማ ይሰማል እያሉ ያሟታል። ውሸት ነው። የሚሰማው ነፋስ ሲኖር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ደረጃው መሃል ላይ የጀልበኞቹ እመቤት የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። በውስጧ የድንግል ማርያም ሐውልት ቆማለች፤ ሰማያዊ ከፋይ ካባ፣ የብር ዘውድ፣ እንባ ያቀረረ ዓይን። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበዓሏ ዋዜማ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ፣ ቄሱም ሳይቀሩ፣ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል። ሁለት ሴቶች ያሮጌውን ልብስ አውልቀው የበዓሉን ያለብሷታል። ከቀሚሱ ሥር ያለውን ያየ አይናገርም። ይህ ሥራ ለዴዎሊንዳ ከእናቷ፣ ለእናቷም ከእናቷ እናት የመጣ ነው። ስፒሉን በጥርሷ ይዛ ካባውን የምትሰካው ዴዎሊንዳ ነበረች፤ ስፒል የምታቀብላት ደግሞ አበልጇ አርሚንዳ። ዴዎሊንዳ የአርሚንዳን ልጅ ክርስትና አንስታለች፤ ልጅቷ ትዳር ይዛ ስትሄድ ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው አልቅሰዋል፤ ድስት ሲያንሳቸው ድስት፣ ጨው ሲያንሳቸው ጨው ይበዳደራሉ።

ከቀሚሱ ሥር ምን አለ? ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ። ምንም የለም። የተቀረጸው ፊቷና እጇ ብቻ ነው። ከአንገት በታች አራት ጣውላ በማገር ተያይዞ ቆሟል፤ ቁርጥ የዶሮ ቆጥ። ዴዎሊንዳ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ገና ጡት ያጎጠጎጠች ልጅ ነበረች፤ ደንግጣ አለቀሰች። እናቷ በጥፊ አቀመሰቻትና፣ «አሁን ለምን እንደምታስፈልጊያት ገባሽ?» አለቻት።

እንግዲህ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የፈነዳው። ዴዎሊንዳ ጸሎት ቤቱን እየወለወለች፣ የጸሎት ቤቱ ማኅበር አለቃ ባልታዛር መቅረዝ እየቆጠረ፣ ፀሐይ እንደ ሎብስተር ቀቅላ ያቀላችው አንድ የውጭ አገር ሰው ገባ። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ በቋንቋው አንድ ነገር አለ። ስልኩ በጨዋ ሴት ድምፅ ተረጎመ፦

«እባካችሁ፣ የዶሮ ቆጡን ማየት ይቻላል?»

ባልታዛር መቅረዙን አስቀመጠ። ወደ ስልኩ አላየም፤ ወደ ሰውየውም አላየም። ያየው ወደ ዴዎሊንዳ ነው።

«እኔን ምን ያሳይዎታል?» አለች።

«ስለ ኪንታሮቴ ያወራሽ ጊዜ ይቅር ብያለሁ» አለ ባልታዛር። «ይሄን ግን ማኅበሩ አይምርሽም።»

«በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም!»

«ታዲያ ማን ነው? እመቤታችን ራሷ ናት የነገረችው? እስከ ዋዜማው ማን እንደሆነ ካላመጣሽ ስፒሉ ለሌላ ይሰጣል።»

ያን ቀን ማታ አርሚንዳ መጥታ እጇን ያዘች። «አይዞሽ አበልጄ። ምናልባት የድሮ ቄስ በቀዳዳ አይቶ ይሆናል። ወንድ መቼም ቀዳዳ አያጣም» ብላ አሳቀቻት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ዴዎሊንዳ ግን በማግስቱ የራሷን ምርመራ ጀመረች። ቱሪስቶቹ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚመጡት አረንጓዴ ጃንጥላ የያዘ ኤልደር የሚባል አስጎብኚ ተከትለው ነው። ልጁ ከብራጋ ነው የመጣው፤ ሰፈሩን አያውቅም፣ ሰፈሩም አያውቀውም። ጠዋት ብራዚሎችን ይመራል፤ ቋንቋቸውም ያው የኛው ነው። ዴዎሊንዳ ከጉሊት የገለባ ባርኔጣ ገዛች፣ የሟች ባሏን ጥቁር መነጽር አደረገች፣ ቲኬት ቆረጠች፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ክብ ወረቀት ተለጠፈላት።

«እርስዎ ከወዴት ነዎት፣ እማማ?» አለቻት ጁሳራ የምትባል አምባር በአምባር የሆነች ብራዚላዊት።

«ከሊዝበን።» ይህን ስትል ምላሷ ላይ ሬት የተቀባ መሰላት። ለፖርቶ ሰው ከዚህ የባሰ ሐሰት የለም።

ጉብኝቱ ከካቴድራሉ ጀመረ። ዴዎሊንዳ የተጠመቀችውም፣ ያገባችውም፣ ባሏን የሸኘችውም እዚያው ነው፤ አሁን ግን ኤልደር «ይህ ግድግዳ ምሽግም ነበረ» ሲል ከሁሉ ጋር ቀና ብላ «ኦ!» አለች። በወርቅ ወደተለበጠው የቅዱስ ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ደግሞ እውነትም አፏን ከፈተች፤ በሩ ላይ ቲኬት ከተጀመረ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። መላእክቱ በወርቅ ሰጥመዋል። «ይሄን ሁሉ አቧራ የሚጠርገው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ኤልደር ጥሩ ጥያቄ ነው አለና ስለ ሌላ ነገር መለሰ። የብረት ድልድዩ ላይ ቆመው ቁልቁል ሪቤይራን ሲያሳያቸው፣ «ሕዝቡ ድሃ ነው፤ ግን ደስተኛ ነው» አለ። ጁሳራ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ በስልኳ አቅርባ አነሳች። «እዩት ሲያምር! የማን ይሆን ይሄ ትልቁ?» የዴዎሊንዳ የውስጥ ሱሪ ነበር።

መዋረዱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። ሰው ባደገበት ከተማ እንግዳ ሲሆን የገዛ ወንዙ እንኳን ሰፋ ይልበታል።

ከዚያ ጸሎት ቤቷ ደረሱ። ኤልደር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ብራዚሎቹ እንደ ጫጩት ተሰበሰቡ። «አሁን የምነግራችሁን ይህ ሰፈር ለዘመናት ደብቆታል» አለና ስልኩን አወጣ። ፎቶ ነው። እመቤታችን ራቁቷን፣ አራት ጣውላ፣ ማገር፣ ከላይ ያ የሚያለቅስ ፊት። ከፊት ለፊት ደግሞ ተንበርክካ ወደ ጣውላው ያጎነበሰች አንዲት ሴት፤ ፊቷ አይታይም፣ የሚታየው መቀመጫዋ ነው፣ ያውም የፎቶውን እኩሌታ ይዞ። ብራዚሎቹ በሳቅ ወደቁ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ዴዎሊንዳ የራሷን ጉድ ከኋላው አየችው።

ወንድ የማይገባበት፣ ከውስጥ የተዘጋ ክፍል ነው። እሷ ከፊት ናት። ከኋላዋ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ጭንቅላቷ ወዲያው አወቀው፤ ልቧ ግን እግሯን ይዞ አልላወስም አለ።

«አሁን ደግሞ» አለ ኤልደር «ፎቶውን በሰጠችን በራሷ በአልባሿ ቤት፣ ኬክና ጣፋጭ ወይን!»

ደረጃውን ወጡ። ዴዎሊንዳ እያንዳንዱን በር ስታልፍ «እዚህ ይሁን፣ እዚህ ይሁን» እያለች ጸለየች። የአርሚንዳ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አርሚንዳ የክት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ስፒል ደርድራ፣ ወንበሯ ላይ እንደ ጳጳስ ተቀምጣለች።

«ሥራው ከእናቴ ነው የመጣልኝ» አለች ለእንግዶቹ። «መጀመሪያ ባየሁ ቀን አለቀስኩ። እናቴ በጥፊ መታችኝና ምን አለችኝ መሰላችሁ? አሁን ለምን እንደምታስፈልጊያት ገባሽ?»

ጁሳራ እንባዋን ጠረገች። አርሚንዳ ተነስታ ወይን መቅዳት ያዘች። ከኋላ ያለችው ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጋ ስትደርስ ብርጭቆ የያዘውን እጅ አየች፤ በስፒል የተበሳሳ አውራ ጣት። ቀና አላለችም። ወይኑን እስከ አፉ ሞላችው።

«ጣፋጭ ነው፣ ጠጪ።»

«የማንን እናት ነው የምታወሪው?» ዴዎሊንዳ መነጽሯን አወለቀች።

«አበልጄ፣ እንግዶች አሉ።»

«የማንን እናት ነው አልኩሽ! ያንቺ እናት ጎመን ቸርቻሪ ነበረች! እመቤታችንን ከደጅ ተሳልማ ነው የሞተችው!»

«ውይ፣ ቲያትርም አለው!» ብላ ጁሳራ ስልኳን ደቀነች።

«ስፒል አቀባይ ሆኜ አረጀሁ» አለች አርሚንዳ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አንድ ቀን እስቲ ዘውዱን አንቺ አድርጊላት ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ብትጠይቂኝ...»

«ባሌ ጋያ ካለችው ዳቦ ጋጋሪ ጋር የነበረውን ጉድ ለማን ነበር የነገርኩት? ላንቺ ብቻ። ይሄው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እያለቀስኩ። በማግስቱ ዓሣ ተራ ስወርድ ሁሉም አይዞሽ አለኝ። ለአራት ጣውላ አፍሽን ዘጋሽ። ለእኔ ግን አልዘጋሽም።»

ዴዎሊንዳ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«እሺ» አለች። «በድዬሻለሁ። ታዲያ እኔን አትመቺኝም ነበር? እሷ ምን አደረገችሽ?»

አርሚንዳ ትከሻዋን ሰበቀች። «እሷማ ጣውላ ናት።»

ብራዚሎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ለሁለቱም ጉርሻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ዴዎሊንዳ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ባልታዛር ወረደች። ባልታዛር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አርሚንዳ የሰፈር ልጅ ልካ ከስሳሻለች። ቱሪስት እየነዳሽ ቤቴ ድረስ አምጥተሽ አዋረድሽኝ ትላለች።»

«እኔ? እኔ ልሰልል ነው የሄድኩት! ማንም እንዳያውቀኝ ተደብቄ...»

«ተደብቄ?» ባልታዛር ደረቷ ላይ ያለውን አረንጓዴ ወረቀት በጣቱ ነካ። «ከወንዙ ዳር እስከ ካቴድራሉ ያላወቀሽ ሰው አለ? ሰላም ያላልንሽ አፍረንልሽ ነው።»

«ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት!»

«ፎቶውን እኔም አየሁት፤ እዚያ ላይ ያለሽው ግን አንቺ ነሽ። እሷማ የለችበትም።»

«ያነሳ ሰው ፎቶው ውስጥ ይኖራል እንዴ፣ ጋሽ ባልታዛር?»

«ዴዎሊንዳ» አለ ባልታዛር፣ ደክሞት። «እንደዚያ ነው ብዬ ባምንሽስ? ሰፈሩ የሚያምነው ማንን ነው? ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ገበና ስታወሪ ኖረሽ፣ ይሄን አንዱን እኔ አላወራሁም ብትዪ ማን ይሰማሻል? ስፒሉን አምጪ።»

ስፒሉ በእናቷ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር። ከሣጥኑ ጋር አስረከበች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤቱ ተዘጋ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ለኮሱ። ዴዎሊንዳ መጥታ መሃላቸው ቆመች፤ ሌላ የት ትሁን። ከውስጥ የአርሚንዳ ድምፅ «ሌላ ስፒል! ወዲህ በይ!» ሲል ይሰማል።

«እንኳን ወደ ወንዶች ማኅበር በደህና መጣሽ» አለ ፊርሚኖ፣ የድሮ ጀልባ ነጂ ነው። «ቀጥሎ ጢም አብቅዪ።»

ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች። ከዚያ ፊርሚኖ ጠጋ ብሎ ሹክ አላት። «አሁን ከሥራው ወጥተሻል፤ ምንም አይቀርብሽም። እውነት ነው ግን? ያ የዶሮ ቆጥ የሚሉት?»

ሌሎቹም ጆሯቸውን አቆሙ። አንድ ቃል ትበቃ ነበር። አዎ ብትል፣ ከዚህ በር ኋላ አርሚንዳ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ቆጥ ላይ ከፋይ ስታንጠለጥል ትቀር ነበር፤ ነገም ሰልፉ ሲያልፍ ልጆች እንደ ዶሮ ይጮሁ ነበር። ምላሷን በላት።

«ምን ቆጥ?» አለች ዴዎሊንዳ። «እግር አላት። ትንንሽ፣ የሚያምር እግር። የግራዋ ትንሿ ጣት ላይ መጅ አለባት።»

«መጅ? እመቤታችን?»

«ከቤተልሔም ግብጽ ድረስ የተሰደደች ሴት ምን እንድታወጣ ፈልገህ ነበር?»

«በአህያ አይደል እንዴ የሄደችው?»

«አህያዋስ አትደክምም? እናቴ በየዓመቱ የወይራ ዘይት ትቀባላት ነበር።»

«ፎቶውስ?»

«ዛሬ በስልክ ፎቶ እየቀጠሉ ጳጳሱን ሞተር ብስክሌት ላይ የሚሰቅሉ ልጆች ባሉበት አገር ስለ ፎቶ ትጠይቀኛለህ?»

ፊርሚኖ አማተበ። ከዚያ ሁለት ደረጃ ወርዶ አጠገቡ ላለው ነገረው፣ ያም ለቀጣዩ፤ መጁ ደረጃ በደረጃ ወደ ወንዙ ሲወርድ ዴዎሊንዳ ቆማ አየችው። ነገ ሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ጋያ ይሻገራል፤ እዚያ ደግሞ በሁለቱም እግር ይሆናል።

በሩ ኋላ ድንገት ሳቅ ተሰማ። የአርሚንዳና የአዲሷ ስፒል አቀባይ። ዴዎሊንዳ ወደ በሩ ተጠጋችና ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች።

«ምን ይላሉ?» አለ ፊርሚኖ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች።